ገበሬ አይደለሁም የሚል ማመልከቻ

«ነገ ጠዋት ሴትዮዋ ከመድረሷ በፊት ያ ሁሉ ጎመን ተነቅሎ ማለቅ አለበት» አሉ ጋሼ።

«እኔ በቁሜ አንድ ቅጠል አይነቀልም» አሉ እትዬ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቤቱን ነው የምትፈልጊው ጎመኑን?»

«ሁለቱንም።»

«ሁለቱንም የሚባል ነገር የለም። ማመልከቻው ላይ መሬቱ ባዶ ነው ብለናል። ፈርመናል።»

«ባዶ ነው ብሎ የጻፈው ይሄ ልጅ ነው» አሉ እትዬ በማማሰያው ወደ እኔ እየጠቆሙ። «መነቀል ካለበት እሱ ይነቀል።»

እኔ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጥግ ላፕቶፔን ከፍቼ የሌለሁ ለመምሰል እየሞከርኩ ነበር። አስቸጋሪ ነገር ነው፤ በተለይ የሚያጨቃጭቀው ጎመን አፍህ ውስጥ ሲሆን።

ከመቀጠሌ በፊት ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ መኮንን የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ለብዙ ዓመት የዴንቨር ኤርፖርት መንገደኛ በቫን ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው። እትዬ ዘነቡ ባለቤታቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ከቤታቸው ሥር ቤዝመንት ውስጥ የምኖር የእህት ልጅ ነኝ። ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ፤ ፎርማኑ ዞር ሲል ካርቶኑ ላይ ስንኝ እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ግጥሞቼን ያነበበ ሁሉ ይህን ሳልነግረው ያውቀዋል። አንዳንዱ ስንኝ ከነካርቶኑ ተጭኖ ነብራስካ ገብቷል። እስካሁን አስተያየት የላከ የለም።

«ሴትዮዋ» የተባለችው የካውንቲው፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ተቆጣጣሪ ናት። የምትመጣውም በቤታችን ዙሪያ እርሻ የሚባል ነገር አለመኖሩን በዓይኗ ልታረጋግጥ ነው። እርሻ ከሌለ በቤቱ ላይ ያለው ክልከላ ይነሳል፣ ጋሼና እትዬም ይኖሩበታል። እርሻ ካለ ማመልከቻችን ውሸት ነው፤ የዋሸ ሰው ማመልከቻ ደግሞ ይጣላል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን ለቆ መውጣት ነው። ቢያንስ እኛ የተረዳነው እንደዚያ ነበር።

ምን ዓይነት ቤት ነው እርሻ እንዳይኖርበት የሚለመንለት ትሉኝ ይሆናል። ልንገራችሁ።

ጋሼ መጀመሪያ ካፒቶል ሂል አንድ ክፍል ተከራይተው ኖሩ፤ ቀጥሎ ቻምበርስ ሮድ አፓርታማ ገቡ። በሁለቱም ቦታ በላያቸው ላይ ሰው ነበረ። የካፒቶል ሂሉ ከበሮ እየተማረ ነበር፤ ጋሼ እንደሚሉት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ነገር አልተማረም። የቻምበርስ ሮዶቹ መንታ ልጆች ነበሩ፤ ከሶፋ ላይ እየዘለሉ ነው ያደጉት። ስለዚህ ጋሼ ከቤት የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ከጣሪያው በላይ ሰማይ እንዲሆን።

ከአውሮራ በስተምሥራቅ፣ ከኤርፖርቱ ወዲያ፣ ሜዳው ማለቂያ የሌለው መስሎ በሚዘረጋበት ቦታ፣ አምስት ኤከር መሬት ላይ ብቻውን የቆመ ቤት አገኙ። በላዩ ማንም የለም፣ በጎኑም ማንም የለም። ዋጋውም በአካባቢው ካሉት ቤቶች ሁሉ ያነሰ ነበር። ለምን አነሰ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ለምን አነሰ ብሎ መጠየቅ ያለበት ሰው እኔ ነበርኩ።

ለፊርማው ቀን እንግሊዝኛ አንባቢ ተብዬ የተወሰድኩት እኔ ነኝ። እንደ መጽሐፍ ቅዱስ የወፈረ ወረቀት ፊታችን ተቀመጠ። እስከ አሥረኛው ገጽ ድረስ በደንብ አነበብኩ። ከዚያ ዓይኔ የደላላው ከረባት ላይ አረፈ። ቢጫ ነበር፤ ትንንሽ ዳክዬዎች ነበሩበት። ስለ ዳክዬ አንድ ስንኝ መጣልኝ፤ የሁለተኛው ስንኝ መድረሻ ግን እምቢ አለኝ። ሠላሳ ምናምነኛው ገጽ ላይ «እርሻ» የሚል ቃል አየሁና ደስ የሚል ቃል ነው ብዬ አለፍኩት። «ሁሉ ደህና ነው?» አሉ ጋሼ። «ሁሉ ደህና ነው» አልኩ። ፈረሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱን ያሠራው ሰውዬ ከብት አርቢ ነበር። በዚያን ጊዜ በዚያ ሜዳ ላይ ቤት መሥራት አይፈቀድም ነበርና ካውንቲው «ለገበሬ ከሆነ እሺ» አለው። ነገር ግን ከእሱ በኋላም በቤቱ የሚኖር ሰው ሁሉ ዋና ሥራው እርሻ መሆን አለበት የሚል ቃል ከቤቱ ጋር አሰረበት። ሰውዬው ሞተ። ከብቱ ተሸጠ። ሰፊው መሬት ተቆራርሶ ለየሰዉ ሄደና ከቤቱ ጋር አምስት ኤከር ብቻ ቀረ። ቃሉ ግን እንደታሰረ ነበር፤ እኔ ያለፍኩት ገጽ ላይ።

በገባን በአራተኛው ወር ደብዳቤ መጣ። እኔው አነበብኩት፤ በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ፊደል። ካውንቲው የቤቱ ነዋሪ ሾፌር መሆኑን ደርሶበታል። መውጫው ሦስት ነው ይላል። ወይ ገበሬ መሆናችሁን አሳዩ፤ ወይ ቤቱን የሚፈልግ ገበሬ አለመኖሩን፣ መሬቱም የማይታረስ መሆኑን አሳይታችሁ ክልከላው እንዲነሳ አመልክቱ፤ ወይ ልቀቁ።

«ገበሬ ነኝ በላ» አሉ እትዬ ወዲያው።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ከመንዝ በአሥራ ሰባት ዓመቴ የእህል መኪና ላይ ተንጠልጥዬ የወጣሁት ገበሬ ላለመሆን ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ አላናገረኝም። አሁን ይሄን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ፣ ገበሬ ነኝ ብዬ ልፈርም?»

«ማን ያውቅብሃል?»

«እኔ።»

ደግሞም እውነት አልነበረም። ያን ጊዜ መሬቱ ላይ የነበረው ነፋስ የሚያንከባልለው እሾህ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ ያዝን፤ ማመልከቻውንም እኔ ጻፍኩ። ከገጽ ሠላሳ ምናምን በኋላ እንኳ ሥራው ለእኔ መሰጠቱ የጋሼን ደግነት ያሳያል፤ ወይም የተማሩ ዘመድ እጥረት አለብን።

ካውንቲው ማመልከቻውን ከማየቱ በፊት ቤቱ ለስድስት ወር ለገበሬዎች በማስታወቂያ መቅረብ አለበት ተባለ። ማንም ካልገዛው ያኔ ገበሬ አልፈለገውም ማለት ነው። ማስታወቂያውን ጻፍኩ። እዚህ ላይ ጥፋቴን አልክድም። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ጽሑፉ እንደሚታተም ሲያውቅ ራሱን መያዝ ያቅተዋል። «ነፋስ ሣሩን እንደ ልጃገረድ ፀጉር የሚያበጥርበት፣ ጠዋት ፀሐይ ከመግባቷ በፊት በር የምታንኳኳበት መሬት» ብዬ ጻፍኩ፤ በእንግሊዝኛ። እንዲያውም በእንግሊዝኛ የተሻለ ነበር።

በሳምንቱ አራት ገበሬ ደወለ።

ጋሼ ገዢዎቹን ፊት እንዲነሱ ተመካከርን። «ቀዝቀዝ ይበሉባቸው» አልኳቸው። እሺ አሉ። የመጀመሪያው ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ ከሚስቱ ጋር በር ላይ ሲቆም ግን ጋሼ «ሰው በር ላይ ቆሞ?» ብለው ገፍተው አስገቧቸው። ሰዎቹ ክክ ወጥ በሉ፣ ደገሙ፣ ሦስተኛም ጎረሱ። ከዚያ ሰውዬው መሬቱን ሊያይ ወጣ። አፈሩን በጫማው ጫፍ መታ፣ አድማሱን አየ፣ «አምስት ኤከር ለእኔ ላሞች ቁርስ ነው» ብሎ ሄደ። ሦስቱም ከእሱ በኋላ መጥተው፣ በልተው፣ ያንኑ ብለው ሄዱ። የመጀመሪያው ሰውዬ ሚስት ተመልሳ የመጣችው የክኩን አሠራር ለመጠየቅ ብቻ ነው።

ከዚያ የጋሼ ልጅ ሊያ ገባችበት። ሊያ እዚሁ የተወለደች፣ አውሮራ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። «ዚስ ኢዝ ክሬዚ» ብላ ማስታወቂያዬን ደመሰሰችና «ቤት አለ። መሬት አለ። ነፋስ አለ።» ብላ ጻፈች። ማንም አልደወለም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከእኔ ግጥሞች ሁሉ የእሷ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ አልነገርኳትም።

ማመልከቻው ገባ። መሬቱ ባዶ ነው፣ አይታረስም፣ ሊታረስም አልታሰበም ተባለ። በፈረምንበት ቀን እውነት ነበር። የደረሰብን ነገር ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው በጋ ነው።

የእትዬ የማኅበር እህቶች ቤት ለመመረቅ ድፎ ይዘው ከቻምበርስ ሮድ መጡ። ቤቱን ዞረው አዩ፣ ጥሩ ነው አሉ። ከዚያ በጓሮ በር ወጡ። ሁሉም ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ በረንዳቸው ላይ በቀለም ባልዲ ውስጥ ጤና አዳም የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። አምስት ኤከር ባዶ መሬት ሲያዩ እግራቸው ተገታ። ወይዘሮ አስካለ የምትባለው ጎንበስ ብላ አፈር ዘገነች፣ በጣቷ አሸችው፣ አሸተተችው። «ዘነቡ፣ ይሄ ዝም ብሎ ተኝቶ ነው?» አለች። የታመመ ሰው ያየች ነበር የምትመስለው።

«አንድ መደብ ብቻ» አለች ወይዘሮ አስካለ። እትዬ ሰጡ። ለአንዷ ተሰጥቶ ለሌላዋ አይከለከልም። በሦስተኛው ሳምንት ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ድንች፣ በቆሎ ነበረን፤ ጥግ ላይም ማን እንዳመጣው የማይታወቅ ጌሾ። ጋሼ ተቆጡ። «ለወጥ ቤት ያህል ነው» አሉ እትዬ። ለወጥ ቤት ያህል የተባለው ጎመን ብቻውን የኤርፖርቱን መንገደኛ ሁሉ ያጠግብ ነበር።

ችግሩ ሴቶቹ የሚመጡት እሑድ እሑድ ብቻ መሆኑ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሚያጠጣውና የሚያርመው ማን ነው? ማንም አልጠየቀም። እኔ ግን ሥራዬ ማየት ነው። ጋሼ ጉልበታቸውን ስላመማቸው መንዳቱን በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ቀንሰው ነበር። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው የሱሪያቸው ጉልበት ላይ በየቀኑ አፈር ይዘው ይገባሉ። ጥፍራቸው ጠቁሯል። አንድ ቀን ቫኑ ውስጥ ጃንጥላ ስፈልግ ከመቀመጫው ሥር በፎጣ የተጠቀለለ አዲስ መኮትኮቻ አገኘሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ጎመኑ መሐል ሲባጎ ወጥረው መስመር ሲያቃኑ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምንም። ጠማማ ነገር ዓይኔን ያመኛል።»

«ቃሪያውንስ ያጠጣው ማነው?»

«ዝናብ ነው።»

ሰማዩን አየሁ። ከወር በላይ አልዘነበም ነበር።

እንዲህ ሆነን እያለ ነው ተቆጣጣሪዋ ነገ በአራት ሰዓት ትመጣለች የሚል መልእክት የደረሰን። ወደ ጭቅጭቁ ልመልሳችሁ፤ እነሱም አላቆሙም።

«እሺ አይነቀል፤ ይሸፈን» አሉ ጋሼ ትንሽ ለዘብ ብለው።

«በምን? ያን ሁሉ?»

ያኔ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። «የእድሩ ድንኳን አለ አይደል?» አልኩ። «ጎመኑ ላይ ድንኳን እንጥላለን፣ ወንበር እንደረድራለን፣ የቤት ምርቃት ድግስ አለ እንላለን። ሴትዮዋ ድንኳን ታያለች፣ ጎመን አታይም።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። በሕይወቴ ሁለቱ በአንድ ሐሳብ ሲስማሙ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ወዲያው ወደ ቻምበርስ ሮድ ነዳሁ። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው አቶ ፈለቀ ዘንድ ነው፤ ሊቀመንበሩ ናቸው። «ለጋሽ መኮንን ቤት ድንኳን ፈልጌ ነበር። ነገ ከአራት ሰዓት በፊት ተተክሎ ማለቅ አለበት» አልኳቸው። አቶ ፈለቀ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። የለበስኩት ጥቁር ካናቴራ ነበር፤ ገጣሚ ነኝና ካናቴራዬ ሁሉ ጥቁር ነው። ዝም ብለው ድንኳኑን ራሳቸው ተሸክመው ጫኑልኝ፤ ላግዝ ስል እጄን ያዙኝ። ወንበርም ያልጠየቅኩትን ያህል ጨመሩ። እኔ የካውንቲውን የመሬት ሕግ ከማስረዳት በመዳኔ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

እድር የምታውቁ አንባቢዎች አሁን ራሳችሁን ይዛችኋል። እኔም ራሴን መያዝ የነበረብኝ ያኔ ነበር። የእድር ድንኳን የሚወስድን ሰው ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ሐዘንተኛ ቤት ስልክ ደውሎ እውነት ነው ወይ ማለትም አይደረግም፤ በአካል ነው የሚኬደው። አቶ ፈለቀ ያደረጉት አንድ ሊቀመንበር የሚያደርገውን ብቻ ነው። በእድሩ የስልክ ግሩፕ ላይ «ድንኳን ወደ ጋሽ መኮንን ቤት ወጥቷል። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት» ብለው ጻፉ። ግሩፑ ውስጥ ጋሼም አሉ፤ ግን መልእክቱ ስለሚበዛባቸው ድምፁን ካጠፉት ቆይቷል።

በማግስቱ ድንኳኑ አትክልቱ ላይ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ ነበር፤ ተቆጣጣሪዋም በሰዓቷ መጣች። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ቦት ጫማዋ ብዙ ጭቃ ያየ ሴት። ጋሼ ሽንት ቤት ጢማቸውን እየላጩ ነበር፤ ባለሥልጣን ሊመጣ ነው ብለው ሙሉ ልብስ ሊለብሱ። እኔ ፈገግ ብዬ ሰላም አልኳትና ትልቅ ድግስ እንዳለ ነገርኳት።

በዚያው ቅጽበት ከጥርጊያው መንገድ ጫፍ አቧራ ተነሣ። አንድ መኪና፣ ሦስት፣ አሥራ አንድ። መቁጠር ተውኩ። ሁሉም ፓርክ አድርገው ወረዱ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቀዋል። ፊት ፊት የምትመጣው ወይዘሮ አስካለ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭናለች።

«ድግሱ ይሄ ነው?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

ያኔ እትዬ በር ላይ ወጡ። እስቲ በእሳቸው ቦታ ሁኑ። በጠዋት ይህ ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ሰው ጥቁር ለብሶ ወደ በራችሁ እያለቀሰ ቢመጣ ምን ትላላችሁ? መርዶ ሊነግሩኝ ነው ነው የምትሉት። እትዬ «ማን ነው? ወንድሜ ነው?» ብለው እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ አሉ። እሳቸው ያለቀሱት ሰዉ ስላለቀሰ ነው። ሰዉ ደግሞ እሳቸው ሲያለቅሱ ሲያይ፣ እውነትም ነው ብሎ የባሰ አለቀሰ። ለማስቆም ብሞክርም እኔ ራሴ ማን እንደሞተ አላውቅም፤ ትንሽ ቆይቶ እኔም እንባዬ መጣ።

ሰዉ በለመደው ሥርዓት ወደ ድንኳኑ ገብቶ ተቀመጠ። ወንበሩ ያለው በጎመኑ መስመሮች መካከል ነው። ቅጠሉ ጉልበታቸው ድረስ ይደርሳል፤ ግን ሐዘንተኛ ቤት መጥቶ ለምን ጎመን ላይ አስቀመጣችሁኝ የሚል ሰው የለም። ተቆጣጣሪዋ ባርኔጣዋን አወለቀች። አንድ ሰው ወንበር ሰጣት፣ ሌላው ውኃ፣ ሌላዋ በሳህን ንፍሮ። ስንዴውንና ሽምብራውን አንድ በአንድ እየለቀመች በላች፤ ጥሩ ነው የሚል ፊት አሳየች።

ከዚያ ጎንበስ ብላ የጎመኑን ቅጠል ገለበጠች። ከአጠገቧ ወደተቀመጡት አቶ ፈለቀ ዞራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህን ያለማው ሚስተር መኮንን ነው?» አለች።

አቶ ፈለቀ ዙሪያቸውን አዩ። እትዬ ያለቅሳሉ። ጋሼ በቦታው የሉም። ድምር ለሊቀመንበር አይከብድም። ተነሡ፣ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ በዚያ ጥንቅቅ ባለው የድሮ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛቸው ጀመሩ።

«እመቤቴ፣ መኮንን ብርቱ ሰው ነበር። ይህ የምታይው ሁሉ የእጁ ሥራ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ከዚህ እስከ አጥሩ።»

«በሶብላውም የሱ ነው» አለች ወይዘሮ አስካለ እንባዋን እየጠረገች። በሶብላውን የዘራችው ራሷ ናት። ግን ለሞተ ሰው በሶብላ የሚሰስት ማን ነው?

«ፀሐይ ሳትወጣ ነበር የሚነሣው» አለ አንዱ።

«አፈር እሱ እጅ ላይ ሲሆን ይታዘዝ ነበር» አለ ሌላው፤ ጋሼን ከኤርፖርት ውጪ አይቷቸው የማያውቅ ሾፌር።

«በዚህ አገር እንደሱ ያለ ገበሬ አልነበረም» ብለው አቶ ፈለቀ ደመደሙ።

ተቆጣጣሪዋ ትጽፋለች። እኔ ከድንኳኑ በስተጀርባ ቆሜ በሁለት እጄ እያወናጨፍኩ ተዉ፣ ተዉ እላለሁ። ሰዉ ልጁ ሐዘኑን አልቻለውም ብሎ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ሁለት ሰው መጥቶ ያዘኝ።

በዚህ መሐል ነው ጋሼ በጓሮ በር ብቅ ያሉት። ግማሽ ጉንጫቸው ተላጭቷል፤ ግማሹ ላይ ሳሙና አለ። ኮት ለብሰዋል፣ ከረባቱ አልታሰረም። ድንኳን ሙሉ ሰው ጥቁር ለብሶ ያለቅሳል፤ ባለቤታቸው ያለቅሳሉ፤ እኔ በሁለት ሰው ተይዣለሁ። ጋሼ ሐዘን መድረስ የማያውቁ ሰው አይደሉም። መሐረባቸውን አወጡ፣ እያለቀሱ ቀጥ ብለው ሄደው አቶ ፈለቀን አቀፏቸው።

«ማን ነው፣ ፈለቀ? ንገረኝ፤ እችለዋለሁ» አሉ።

አቶ ፈለቀ ሳሙናው ጉንጫቸውን ነክቷቸው ቆመዋል። «አንተ ነበርክ» አሉ።

ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንድ ሳቅ ሾልኮ ወጣ። እትዬ ነበሩ። እያለቀሱ ነው የሚስቁት። ቀጥሎ ድንኳኑ በሙሉ። ሐዘን ብለው ያመጡት ምግብ እንደዚያው ተዘረጋ፤ ሽሮው ከሽሮ አይለይም። ጋሼን በየተራ አቀፏቸው፤ አንዳንዱ ሁለቴ ተሰልፏል።

ተቆጣጣሪዋ የሆነውን በግማሽ እንኳ የገባት አይመስለኝም። ሳቁ በረድ ሲል ብዕሯን ይዛ ወደ ጋሼ ቀረበች። «አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ» አለች። «ይህን የሚያለማው እርስዎ ነዎት?»

ተረጎምኩላቸው፤ አላስፈለጋቸውም ነበር። አይደለሁም ማለት የሚቻለው እዚያ ላይ ነው። ቤቱ በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ጋሼ ሴትዮዋን አዩ። አሁን ያለቀሰላቸውን ሰው ሁሉ አዩ። ከዚያ ዓይናቸው መሬት ላይ ወደቀ። በዚያ ሁሉ ግርግር አንድ የጎመን እግር ተረግጦ ተጋድሟል። ጋሼ በዚያ ሙሉ ልብስ ተንበረከኩ። ጎመኑን አቀኑት፣ ሥሩ ላይ አፈር መለሱበት፣ በሁለት መዳፋቸው ጠቅጠቅ አደረጉት።

«ማን ነው ይሄን የረገጠው?» አሉ ቀና ብለው፤ በእውነት ተቆጥተው።

ተቆጣጣሪዋ ይህን እንድተረጉምላት አልጠየቀችኝም። ጻፈች፣ ደብተሯን ዘጋች፣ የተቋጠረላትን ንፍሮ ይዛ ሄደች።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ሳምንታት ረጃጅም ነበሩ። ጋሼ አፓርታማ ማየት ጀመሩ። ቻምበርስ ሮድ አንድ አይተው መጡ፤ «ከላይ ማን ይኖራል?» ብለው ጠይቀው፣ መልሱን ሳይሰሙ ነው የወጡት። እትዬ ቃሪያ ማድረቅ ያዙ። እኔም ቤዝመንት ውስጥ አንድ ስንኝ አልጻፍኩም። ገጽ ሠላሳ ምናምን በሕልሜ ይመጣ ነበር፤ ዳክዬዎቹም አብረው።

ደብዳቤው በጥቅምት አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሊያም ነበረች። ቆሜ አነበብኩት። «ክልከላው እንዲነሳ የቀረበው ማመልከቻ ተቀባይነት አላገኘም» ይላል መጀመሪያው።

ጋሼ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። እትዬ ትከሻቸው ላይ እጃቸውን አደረጉ።

«ቆይ፣ ኪፕ ጎይንግ» አለችኝ ሊያ በትከሻዬ ላይ እያነበበች።

ቀጠልኩ። መሬቱ በነዋሪው በትጋት እየለማ መሆኑ በቦታው ታይቷል። ይህም በበርካታ የአካባቢው ምስክሮች ቃል ተረጋግጧል። ነዋሪው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚነዳ በመሆኑ ዋና ሥራው እርሻ ነው። ስለዚህ ክልከላው በእሱ ላይ ችግር የለውም፤ ማልማቱን እስከቀጠለ ድረስ በቤቱ መኖር ይችላል።

«ድገመው» አሉ ጋሼ።

ደገምኩት።

«ዋና ሥራው ምንድን ነው ያለው?»

«እርሻ።»

«ማኅተም አለው?»

«አለው።»

«ዳድ፣ ቤቱ ያንተ ነው። ዩ ዎን» አለች ሊያ።

«አላሸነፍኩም፤ ተፈረደብኝ» አሉ ጋሼ። ግን ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው፣ ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ይግባኝ ማለት ይቻላል» አልኩ። «ከፈለጉ ዛሬውኑ እጽፋለሁ፤ እንዲያውም መግቢያው መጥቶልኛል...»

«አንተ አትጻፍ» አሉ ሦስቱም በአንድ ድምፅ።

እትዬ ወንድሟን እንደዳረች እህት ፊታቸው በርቷል። «እንዲያው አባትህ ይሄን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?» አሉ።

ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞሩ። በምዕራብ በኩል ያሉትን ተራሮች አዩ። ደመናው ዝቅ ብሎ ጫፋቸውን ሸፍኗል፤ ነፋሱም ተለውጦ ከሰሜን እየመጣ ነበር።

«ዛሬ ውርጭ ይወርዳል ብሏል?» አሉ።

ሊያ ስልኳን አየች። «አዎ፣ ማታ።»

ጋሼ ደብዳቤውን በአራት አጥፈው የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ተነሡ። ከማጠቢያው ሥር የቃሪያ መልቀሚያ ባልዲ አወጡ፣ ውስጡን በእጃቸው ጠረጉት፣ ወደ ጓሮው በር ሄዱ።

«ወዴት ነህ? ምሳ ሳትበላ?» አሉ እትዬ።

«ሥራ» አሉ ጋሼ። ወጡ፤ በሩንም ነፋሱ እንዳይነጥቃቸው በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከኋላቸው ገጥመው ዘጉት።